ከኮንጋ እስከ ውርጭ አገር



ከሁለት ሳምንት በፊት እዚሁ በጌዴኦዋ ኮንጋ፣ ከቡና ማስጫው አልጋ ጎን ቆሜ ሳለሁ አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ፈረንጅ ነው። ጢሙ ላይ በረዶ ተንጠልጥሏል። የብስክሌቱ ጎማ ውፍረት የባጃጅን ጎማ ያስንቃል፤ ከማኑብሪዮው እስከ ኮርቻው ጀርባ ድረስ ከረጢት ታስሮበታል። «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች በክረምት በሳይክል ስንት መቶ ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። እኛስ?» አለኝ። «እኛም እንችላለን» አልኩት። ሳቀብኝ። «በሐምሌ ጭቃ?»

ዛሬ እዚህ የቆምኩት ለዚያ ሳቅ መልስ ለመስጠት ነው።

ነገሩ መጣመም የሚጀምረው ከስሙ ነው። በእኛ አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ዝናብ፣ ጭጋግ፣ ጭቃ። የፎቶው ሰውዬ ክረምት ደግሞ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው፣ ቀኑ የሚያጥርበት፣ ውኃ የሚረጋበት ጊዜ ነው። ሁለቱንም «ክረምት» ብለን እንጠራቸዋለን። እናም አንዱ ወጣት ፈረንጆቹ ለክረምት ጉዞ የሚይዙትን ዕቃ አጥንቶ፣ ያንኑ አሟልቶ በሐምሌ ይነሣል፤ ለውርጭ ተዘጋጅቶ ጎርፍ ይገጥመዋል። ሌላው ደግሞ «አሁንማ በጋ ነው» ብሎ በጥር በአንድ ቲሸርት ወደ ደጋ ይወጣል፤ ሌሊቱን ጥርሱ ሲንገጫገጭ ያድራል። በአገራችን ውኃ የሚያረጋው ብርድ የሚመጣው ሰማዩ በጠራበት በበጋው ነው። ደመና የምድር ብርድ ልብስ ነው፤ እሱ ሲገፈፍ ቀን የሞቀው መሬት ሙቀቱን ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቀዋል። የደጋ ገበሬ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል፤ ባቄላውን ውርጭ ይመታብኛል ብሎ የሚሰጋው በኅዳር እንጂ በሐምሌ አይደለም።

ለነገሩ «ክረምት» የሚለው ስም ለኮንጋም በልኩ የተሰፋ አይደለም። የጌዴኦ ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይወርዳል፤ ሁለተኛው ከመስከረም ጀምሮ ይመጣል። በመሐሉ ሐምሌና ነሐሴም ቢሆኑ እጃቸው ባዶ አይደለም። ከዚህ ወደ ደቡብ ቡሌ ሆራን (የቀድሞዋን ሐገረ ማርያም) አልፋችሁ ቦረና ስትገቡ ግን፣ አዲስ አበባ በዶፍ ስትመታ በዚያው በሐምሌ ሰማዩ ዳመን ብሎ መሬቱ ደረቅ ነው። አንድ መንገድ፣ አንድ ወር፣ ሁለት የተለያየ ወቅት። ስለዚህ የቀን መቁጠሪያ አይተን ጉዞ ከቆረጥን ገና ከመነሻው ተሳስተናል።

ታዲያ ምን እንይ? ከፍታ። አባቶቻችን አገሩን ሲከፍሉ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለው፣ ከሁሉ በላይ ያለውን «ውርጭ» አሉት። ቁር የሚሉትም አሉ። ልብ በሉ፤ የብርዱ ስም የቦታ ስም ሆኗል። የፎቶውን ሰውዬ ክረምት የፈለገ ኢትዮጵያዊ ወር ቆጥሮ አይጠብቅም፤ ሽቅብ ይወጣል። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ተኩል ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ኮንጋ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወይና ደጋ። የባሌው ሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። አስሉት፤ ልዩነቱ ወደ 14 ዲግሪ ይመጣል። ይህ ነፋሱም፣ የጠራው ሌሊትም ሳይቆጠር ነው። በሳነቴ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የተመዘገበበት ጊዜ አለ። የፈረንጁ ክረምት ማለት ይኸው ነው፤ ከዚህ አዳራሽ በብስክሌት የስምንት ቀን መንገድ።

ስለዚህ ዛሬ የማቅድላችሁ ጉዞ ከኮንጋ ሳነቴ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርና የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በአንድ ጉባኤ ነው፤ ሪያድ ላይ፣ መስከረም 2016 ዓ.ም.። መንትዮች ናቸው። እኛ ከአንዱ መንትያ ቤት ተነሥተን የሌላውን እንጠይቃለን። ደጃችን ላይ ያለውን እንሰትና ቡና፣ የቱቱ ፈላን ትክል ድንጋዮች እንግዳ ሊያይ ይመጣል። እኛ ግን የመንትያችንን ቤት ያየን ስንቶቻችን ነን? እጅ አታውጡ፤ አላስቸግራችሁም።

መቼ እንነሣ? የኮንጋ ሰው ይህን ሲጠይቅ አየሩን ብቻ አይቶ አይወስንም፤ ቡናውን ያያል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸት ቡና ይለቀማል፤ መፈልፈያው ሌሊትና ቀን ይሠራል፤ በዚያ ጊዜ «ሳይክል ልነዳ ሄጃለሁ» የሚል ልጅ ከአባቱ ጋር አይስማማም። ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ጊዜ አለ፤ ኪስ ግን ባዶ ነው፤ መንገዱም ውኃ ነው። ጥር ላይ ቡናው ተሸጧል፣ ኪስ ውስጥ የሆነ ነገር አለ፣ የባሌ መንገድ ደርቋል። ብርዱ ደግሞ ጫፍ ላይ ነው። እኔ ጥር አጋማሽ እላለሁ፤ ጥምቀት ካለፈ በኋላ። ተማሪ የሆናችሁ ፈተናችሁን አስተካክሉ፤ ካልሆነ ሐምሌን መምረጥ ትችላላችሁ፤ ያኔ ግን ጠላታችሁ ውኃ እንደሆነ እወቁት። የባሌ ተራሮች ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ዝናብ አያጣቸውም።

ውኃ ጠላት መሆኑን እኔ በራሴ ገላ ነው የተማርኩት። ከብዙ ዓመት በፊት፣ በሐምሌ፣ ከሻሸመኔ ወደ ኮፈሌ የሚወጣውን ዳገት ብቻዬን ጀመርኩ። ዕቅድ የለኝም፤ ያለኝ ጉልበት ብቻ ነው። ብርድ እንዳይመታኝ ብዬ ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ በላዩ ላይ ጋቢ ተጠምጥሜአለሁ። ዳገቱን እየረገጥኩ ስወጣ በላብ ተጠመቅሁ። ኮፈሌን አልፌ መንገዱ ማዘቅዘቅ ሲጀምር ነፋሱ መጣ፤ ከነፋሱ ኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ተከተለ። ጋቢው ውኃውን ጠጥቶ እንደ ሊጥ ትከሻዬ ላይ ተለጠፈ። ፍሬን ልይዝ ስል ጣቶቼ እምቢ አሉ። አያቸዋለሁ፤ የእኔ ናቸው፤ አይታዘዙም። እግሬን መሬት ለመሬት እየጎተትኩ ከመንገዱ ዳር ሣር ላይ ብስክሌቱን ጣልኩት።

አንዲት አሮጊት እናት ከደጃፋቸው ሆነው «ኮቱ! ኮቱ!» እያሉ በእጃቸው ጠሩኝ። ምድጃ ዳር አስቀመጡኝ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጨምረው እሳቱን አነደዱት። የጫማዬን ማሰሪያ ልፈታ ታገልኩ፤ አልቻልኩም። አዩኝ፣ ምንም አላሉም፣ ተንበርክከው ፈቱልኝ። እናቴን የሚያህሉ ሴት ጭቃ የጠጣ ጫማዬን ሲያወልቁ የተሰማኝ ኀፍረት እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ትኩስ ወተት በጣሳ ሰጡኝ፤ ጣሳውን በጣቶቼ መያዝ ስላቃተኝ በሁለት መዳፌ መሐል አጣብቄ ጠጣሁት።

ይህን ለሰው ስነግር «ልብስ አንሶህ ነው» ይሉኛል። በዝቶብኝ ነው እንጂ። ያረጠበኝ መጀመሪያ ሰማይ አልነበረም፤ የራሴ ላብ ነው። ውኃ ከአየር ይልቅ ሃያ አምስት ጊዜ ያህል ፈጥኖ ሙቀት ይወስዳል። በላብ የራሰ ሰው ዳገት ላይ እሳት ነው፤ ቁልቁለት ላይ በረዶ ነው።

በአላስካ፣ የውሻ ጋሪዎች በሚሄዱበት በኢዲታሮድ መንገድ ላይ፣ በበረዶ መሐል በብስክሌት የሚወዳደሩ ሰዎች አሉ፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 40 የሚደርስበት ቀን አለ። የእነሱ የመጀመሪያ ሕግ ከፎቶው ላይ የማይታይ ነው፤ አታልብ። ላብ ሊጀምራቸው ሲል ይወርዳሉ፣ ልብስ ይቀንሳሉ፣ ብስክሌቱን እየገፉ በእግራቸው ይሄዳሉ። ለእኛ ተርጉሜ ልንገራችሁ፤ ዳገት ስትጀምሩ ትንሽ ብርድ ብርድ እያላችሁ ጀምሩ። ከመነሣታችሁ በፊት ሹራቡን አውልቁ እንጂ ካላባችሁ በኋላ አታውልቁ። ጫፍ ላይ ስትደርሱ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ደረቁን ልበሱ። ቁልቁለቱን ጃኬት ሳይቆለፍ የጀመረ ልጅ ግማሽ መንገድ ላይ መቆለፊያ ጣት አይኖረውም።

ልብሱ ከየት ይምጣ ትሉኝ እንደሆን፣ ከሳልቫጅ። እውነቴን ነው። የዲላ ገበያ ላይ ሳልቫጅ ተራ ገብታችሁ የልብሱን ምልክት አገላብጡ፤ «ሱፍ» የሆነውን ፈልጉ። ሱፍ ቢረጥብም የተወሰነ ሙቀት ይይዛል። ጥጥ አይይዝም። በቆዳችሁ ላይ ቀጭን ሱፍ ወይም የኳስ ተጫዋች ማልያ ዓይነት ቶሎ የሚደርቅ፣ በላዩ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስና ውኃ የማያስገባ። ጋቢን አልከለክላችሁም፤ ጋቢ ለሌሊት ነው፤ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ ከረጢቱ ሆድ ውስጥ ይቀመጥ። ቀን ጋቢ ለብሶ የሚነዳ ካየሁ እኔ ራሴ አስወርደዋለሁ።

ለእግር አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፤ ከአላስካዎቹ የወሰድኩት ነው። ቀጭን ካልሲ፣ በላዩ ፌስታል፣ በላዩ ወፍራም ካልሲ። ላቡ ከፌስታሉ አይወጣም፤ ወፍራሙ ካልሲ ደርቆ ይውላል። ቀጭኑ ይረጥባል፤ ማታ ትቀይሩታላችሁ። ያስቃል፤ ይሠራል። ለጫማ ግን ኮንጎ ጫማ አድርጌ እሄዳለሁ የሚል ካለ፣ ኮንጎ ለኮንጋ ጭቃ ጥሩ ነው፤ ለሳነቴ ነፋስ አይሆንም። ለእጅ ደግሞ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሂዱና ከአሮጌ ብርድ ልብስና ከሸራ፣ ማኑብሪዮው ላይ የሚታሰር እንደ ኪስ ያለ ነገር አሰፉ፤ እጃችሁ ከነፍሬኑ ውስጡ ይገባል። ፈረንጆቹ ይህንኑ ብዙ ገንዘብ አውጥተው ይገዙታል።

ወደ ብስክሌቱ እንምጣ። ብዙዎቻችሁ ጥያቄያችሁ ይህ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ቶሎ አልፈዋለሁ። ያ የፎቶው ወፍራም ጎማ ለለስላሳ በረዶ ነው፤ እኛ በበረዶ ላይ አንነዳም። ከዚህ እስከ ጎባ ያለው አብዛኛው መንገድ አስፋልት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጠጠር ተራ የዳገት ሳይክል ይችለዋል። የሚያስፈልጋችሁ አዲስ ፍሬን፣ ደህና ካቴና፣ ሁለት መለዋወጫ ካላማዳሪ፣ ፓምፕና ማስቲሽ ነው። ጎሚስታ ከተማ ሁሉ አለ፤ ሳነቴ ላይ የለም። ዕቃውን ሁሉ ከኋላ ፖርቶ መጋላ ላይ አትጫኑ። የኋላው ቸርኬ የሰውነታችሁንም ክብደት የሚሸከም ነው፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ራጂ መቁረጥ ይጀምራል። ከሸራ ረጅም ከረጢት አሰፍታችሁ ከባዱን በብስክሌቱ ሆድ፣ በብረቶቹ መሐል እሰሩ፤ ቀላሉን ማኑብሪዮ ላይ፤ ቀሪውን ከኋላ። ጭቃ ላይ ስትገቡ ደግሞ፣ በተለይ መረሬ መሬት ላይ፣ ፓራፋንጎው ከጎማው ጋር ከተጠጋ ጭቃው ተጠቅጥቆ ብስክሌቱን ያቆመዋል፤ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው።

የመሣሪያ ነገር የማያበቃ ወሬ ስለሆነ እዚህ ላይ ላቁመው። ኢትዮጵያውያን በሜልቦርን ኦሊምፒክ፣ በ1949 ዓ.ም.፣ ገረመው ደንቦባን ይዘው በብስክሌት ተወዳድረው በቡድን ዘጠነኛ ሲወጡ የነበራቸውን ብስክሌት ዛሬ ብታዩት ገበያ ልትልኩበት እንኳ አትደፍሩም። ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሲሰለፍ ደግሞ በዓለም ምርጥ በሚባል ብስክሌት ነበር። በሁለቱም ላይ የረገጠው እግር ነው።

ምግብ ላይ ግን ጊዜ እወስዳለሁ። የሩቅ አገር ብስክሌተኞች በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ ጣፋጭ ይዘው ይሄዳሉ። እኛ ይህን ጥያቄ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት መልሰነዋል። ነጋዴውም ዘማቹም ረጅም መንገድ የሄደው በበሶና በቆሎ ነው። በሶ እሳት አይፈልግም፤ ውኃና ጨው ይበቃዋል። አርሲና ባሌ ስትደርሱ ደግሞ ጭኮ አለ፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ የታሸ። ከዚህ የተሻለ የብርድ ስንቅ አላውቅም። ቅቤው በትንሽ ቦታ ብዙ ጉልበት ይይዛል፤ ሳምንት ቢቆይ አይበላሽም፤ ብርዱ ሲጠነክር ይደርቃል እንጂ አይፈስም፤ በቢላ እየቆረሳችሁ ትበላላችሁ። ዶዶላ ወይም አዳባ ላይ ግዙት፤ ከዚህ ተሸክማችሁ አትሂዱ። ከኮንጋ ለመጀመሪያው ሁለት ቀን ቆጮ ያዙ፤ እናቶቻችሁ የሚያዘጋጁላችሁን ነገር መቼም አላስተምራቸውም።

በሚኒሶታ፣ አሜሪካ፣ በጥር መጨረሻ የሚካሄድ አሮውሄድ 135 የሚባል የ217 ኪሎ ሜትር ውድድር አለ። ተወዳዳሪው የመኝታ ከረጢት፣ ምድጃ፣ ነዳጅና መጠባበቂያ ምግብ መያዝ ግዴታው ነው፤ ያ መጠባበቂያ ደግሞ ሳይነካ መጨረሻው መስመር ላይ መድረስ አለበት። ይህን ሕግ እወደዋለሁ። እናንተም አንድ ፌስታል በሶና አንድ እፍኝ ስኳር ቋጥራችሁ አታስቡት፤ የእናንተ አይደለም፤ የሚቸግራችሁ ቀን ነው ባለቤቱ።

አሁን የዕቅዱ አንገት ላይ ደርሰናል። በጥር አላስካ ውስጥ ፀሐይ የምትታየው ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ ስለዚህ ያኔ እዚያ የሚነዳ ሰው በሌሊት መንዳት ግድ ይሆንበታል። እኛ በዚህ ሀብታም ነን፤ በጥርም ቢሆን ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ብርሃን አለን። ውርጩ የሚገዛው ሌሊቱን ብቻ ነው፤ ቀኑ የፀሐይ ነው። እንግዲያው ዕቅዳችሁ በሙሉ በአንድ ጥያቄ ይጠቀለል፤ «ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የት ነኝ?» በዚያ ሰዓት ጣሪያ ሥር ከሆናችሁ ብርዱ ወሬ ነው። ገና ዳገት ላይ ከሆናችሁ ችግር ነው። ካርታ ስታዩ ኪሎ ሜትር አትቁጠሩ፤ የ11 ሰዓት ቤቶችን ምረጡ፤ ኪሎ ሜትሩ ራሱ ይከተላል።

እኔ እንዲህ መርጫለሁ። የመጀመሪያው ቀን ዲላ፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ አብዛኛው ቁልቁለት ነው። ያሳፍራል የሚል ይኖራል። ቋጠሮ የሚላላው፣ ብሎን የሚፈታው፣ «ያንን ረሳሁ» የሚባለው ግን በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ዲላ ገበያ አለ፣ ጎሚስታ አለ፣ ዘመድ አለ። ሁለተኛው ቀን ሐዋሳ፤ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ የሲዳማን ዳገትና ቁልቁለት እየቆጠራችሁ። ሦስተኛው ቀን ሻሸመኔን አልፎ ኮፈሌ፤ መንገዱ አጭር ነው፤ ግን ከ600 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ፤ ደጋ ገባችሁ ማለት ነው። አራተኛው አዳባ። አምስተኛው ዲንሾ፤ 3,000 ሜትርን ያለፈች የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት ከተማ። እዚያ አንድ ሙሉ ቀን ዕረፉ። ይህ ዕረፍት ስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ ሳንባችሁ ኮንጋን እየረሳ ያለበት ቀን ነው። ሳነቴ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ፣ ጀግንነት የለም፤ ቁልቁል። ሰባተኛው ቀን ሮቤን አልፋችሁ ጎባ፤ ስምንተኛው ሳነቴ።

ስለ መንገዱ አደጋ በአጭሩ። ከዚህ እስከ ሻሸመኔ ያለው ዋናው የሞያሌ መንገድ ነው፤ ጫት የጫነ አይሱዙ ፍሬን እንዳለው የሚረሳበት። የሚያበራ ሰደርያ ልበሱ፤ ሲጨልም አትንዱ፤ የኋላ መኪና ሲያጮህ ክብራችሁን ትታችሁ ከአስፋልቱ ውረዱ። ውሻ ሲያባርራችሁ አትሽሹ፤ ውረዱና ብስክሌቱን በመሐል አድርጉት። በየከተማው ስትገቡ የሚቀጥለውን መንገድ ሰላም ከነዋሪው ጠይቁ፤ ጠዋት ጠይቃችሁ የሰማችሁት ወሬ ከሰዓት ሊያረጅ ይችላል። ቤት የቀረ አንድ ሰው ደግሞ የ11 ሰዓት ቤቶቻችሁን ዝርዝር ይያዝ፤ በየማታው ደውሉለት። ከመነሣታችሁ በፊት የአባቶች ሸንጎ ወደሆነው ሶንጎ ሄዳችሁ አባቶችን አስመርቁ። ይህን የምለው ለወግ ብቻ አይደለም፤ አባቶች ከመረቋችሁ ቤተሰብ ገንዘብ ይጨምራል።

ጎባ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሡ፤ ከዚያ በፊት አትነሡ። ከጎባ የሚወጣው ዳገት ረጅም ነው፤ በእግር ግፉ፣ ላብ አይጀምራችሁ። ጫካው አልቆ ቁጥቋጦው ሲጀምር፣ ቁጥቋጦው አልቆ ሜዳው ሲከፈት፣ ጅብራዎቹ ለብቻቸው ቆመው ታያላችሁ። መሬቱ ላይ አመዳይ ካለ ሲረገጥ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ፍልፈሉ ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቀው ከጉድጓዱ አይወጣም። ቀይ ቀበሮም የሚያድነው እሱን ስለሆነ በቀን ነው የሚያድነው፤ ፍልፈሉ ከሌለ እሱም የለም። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ናቸው፤ ከግማሽ የሚበልጡት ባሌ ውስጥ ናቸው። ፍልፈሉም ቀበሮውም የቀን ሰዓት ጠብቀው ነው የሚኖሩት። ብስክሌተኛው ከእነሱ የተለየ ጀግና ሊሆን አይገባውም።

ፕላስቲክ ውኃችሁን ገልብጣችሁ ስቀሉት፤ በረዶው ከላይ ነው የሚጀምረው፤ ገልብጣችሁ ከያዛችሁት ክዳኑ አይዘጋም። ስልካችሁን ደረታችሁ ላይ፣ ከሹራቡ ሥር ያዙ፤ ባትሪ ብርድ ሲመታው 40 ከመቶ እያሳየ ይጠፋል። ቡና ልታፈሉ ካሰባችሁ ውኃው ወደ 87 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ቡናው ቀጠን ይላል። አትደሩ። ሳነቴ ላይ ድንኳን ተክሎ ማደር ለሌላ ጊዜና ለሌላ የመኝታ ከረጢት ይቆይ። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ሳይሞላ አምባውን ጨርሳችሁ የሐረናን ገደል ቁልቁል ጀምሩ፤ ደረቁን ልብስ ለብሳችሁ፣ ጃኬቱን ቆልፋችሁ።

ቁልቁለቱ ላይ አየሩ በየዙሩ ይለወጣል። ጭጋግ፣ ከዚያ ዛፍ፣ ዛፉ ላይ የተንጠለጠለ ሽበት የመሰለ ነገር፣ ከዚያ የሪራ መንደር። የ11 ሰዓት ቤታችሁ እዚያ ነው። ከሪራ በታች ደግሞ የሐረና ጫካ ይቀጥላል፤ ዝቅ ስትሉ በጫካው ጥላ ሥር ማንም ያልተከለው ቡና በቅሎ ታገኛላችሁ። ከኮንጋ ቡና ተነሥታችሁ፣ በውርጭ አገር ተሻግራችሁ፣ እንደገና ቡና። እዚያ ያለች እናት ረከቦቷን አቅርባ ከየት መጣችሁ ስትላችሁ ምን ብላችሁ እንደምትመልሱ አስቡበት።

ስለዚህ ከከረጢታችሁ ውስጥ ለግማሽ ኪሎ የኮንጋ ቡና ቦታ ተዉ። ሳነቴ ላይ አታፍሉት፤ ለሐረና ነው። ሌላውን ሁሉ እየመዘናችሁ እንድታሳዩኝ እጠይቃለሁ፤ እሱን ግን ሚዛን ላይ አላወጣባችሁም።

አሁን ጥያቄ ካለ። ያ ፎቶ ያሳየኝ ልጅ ከኋላ እጁን አንሥቷል፤ ከእሱ እንጀምር።